ለአንድ የድንጋይ ሽበት ስም ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም

መካነ ሰላምን አይተው የማያውቁ፣ ምናልባትም የማያዩ ወዳጆቼ «ደሞ እዚያ ምን አየሽ?» ሲሉኝ «አንድ ድንጋይ» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። መልሱን በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሥራዬ ላይከን ማጥናት ነው። ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ የሚታየው ግራጫ ነገር ላይከን ይባላል፤ የገጠር ሰው የድንጋይ ሽበት ይለዋል። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ በዓመት የሚያድገው ግን ለዓይን አይሞላም። በምሠራበት የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ክፍል ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ መምህሬ ጋሽ ታደለ። ከሞቱ ሁለት ዓመት አለፈ። ወንበራቸውን ማንም አልወሰደውም፤ እኔም ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ምሳዬን እበላለሁ።

ጋሽ ታደለ ከብዙ ዓመት በፊት መካነ ሰላም አጠገብ ካለ ገጠር፣ ከአንድ ገበሬ ደጅ ድንጋይ ላይ ጥፍር የምታህል ላይከን አምጥተው ነበር። ከምናውቃቸው ሁሉ የተለየች መሰለቻቸው። ውጭ አገር ያለ አንድ የዘርፉ ሊቅ ግን ፎቶውን አይቶ «ይሄማ በሕንድ ውቅያኖስ ካለች አንዲት ሞቃት ደሴት የተመዘገበው ዝርያ ነው» ብሎ ጻፈልን። አልተዋጠልንም። የደሴት ወበቅና የወሎ ቦረና ብርድ ምን አገናኛቸው? መለያው አንድ ነገር ነው። ላይከኑ ሲያፈራ ጥቃቅን ጽዋ ያወጣል፤ በጽዋው ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ዘር አለ። የደሴቱ ዝርያ ዘር በሁለቱም ጫፉ ትንንሽ ጓዳ አለው። የኛው ጓዳ ከሌለው አዲስ ዝርያ ነው፣ ስም እናወጣለታለን። የጋሽ ታደለ ቁራጭ ግን ገና ጽዋ አላወጣችም ነበር።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ «ስምዎን ነው የምሰጠው» አልኳቸው። «መጀመሪያ ፍሬውን አግኚው፤ ስም የትም አይሄድም» አሉኝ። እሳቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላም መንገዱ ሰላም አይደለም እየተባለ ጠበቅሁ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ «ይቻላል» ሲባል ለማንም ሳልናገር ሻንጣዬን ሸከፍኩ። የምነግረውም ሰው አልነበረኝም።

ከመነሳቴ በፊት መካነ ሰላም ላለ ሰይድ ለሚባል የግብርና ባለሙያ ደወልኩ። ስለ ሽበት ባወራው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁና ለዚያ ገበሬ ቤት ሰዎች «ደጃቸው ያለውን ትልቁን ድንጋይ ለጥናት ላየው እመጣለሁ በልልኝ» አልኩት። «አብሽሪ፣ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እስከ ደብረ ብርሃን ተኛች፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ኮምቦልቻ ስለ ሁለት ልጆቿ አወራችኝ፤ ደሴ ስንገባ «አንቺስ ስንት አለሽ?» አለችኝ። የለኝም ስላት ከዘምቢሏ ብርቱካን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለልጅ አልባነት ብርቱካን ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ላጥኩት፣ በላሁት፣ ጣፋጭ ነበር።

ደሴ ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውኃ አለ ተብሎ ነበር። ነበረ፣ በፔርሙዝ። አዲስ አበባ ያለው ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያም ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ስለሆነ ቅር አላለኝም። እንዲያውም አንኳኩቶ ሙቅ ውኃ የሚያቀብል ሰው እኔ ጋ የለም።

ማክሰኞ

ወደ አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ ረዳቱ ቦርሳዬን ሲያነሳ ከበደውና «ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። «ድንጋዩን ሳመጣው ይብሳል» አልኩት። ውስጡ መዶሻና መሮ ነበር። ፍተሻ ላይ ሲደርስ ይሄ ቀልድ አላዋጣኝም። አንድ ወጣት ታጣቂ መሮውን ከፍ አድርጎ አየውና ጠየቀኝ።

«ወርቅ ነው የምትቆፍሪው?»

«አይ፣ የድንጋይ ሽበት ነው የምፍቀው።»

የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ ለእሱም አነበበለት። «ለዚህ ደመወዝ ይከፈልሻል?» አለኝ በእውነተኛ መገረም። ይከፈለኛል ስለው መሮውን በአክብሮት መለሰልኝ። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አቀስታ ወርቅ ፈላጊዋ ይለኝ ጀመር።

አቀስታ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መኪናው ተበላሸ። ሜዳው ላይ ንፋሱ አጥንት ይሰረስራል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ግማሹን አወረዱልኝና እኩል ለብሰን ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። አዲስ አበባ አንድ ጋቢ ከማላውቀው ሰው ጋር ብለብስ ፖሊስ ይጠራ ነበር። ስንገባ ስለመሸ አቀስታ አደርኩ። በሶ ጠጥቼ፣ ካልሲ ደርቤ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ እንኳ አልሞቀኝም፤ ጋቢው ናፈቀኝ።

ረቡዕ

መካነ ሰላም ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ሰይድ ጠበቀኝ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ሰው ነው። «መርሐባ! ወርቅ ፈላጊዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። የጾም ምግብ ፍለጋ ሦስት ምግብ ቤት አዞረኝ፤ አራተኛው ጋ ሽሮ ተገኘ። «ለእትዬ ዘህራ ነግሬልሻለሁ፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል» አለኝ።

እትዬ ዘህራ ያን ጊዜ ጋሽ ታደለን ያስተናገዱት ገበሬ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ብቸኛ ልጃቸው ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት።

ሐሙስ

በጠዋት ከሰይድ ጋር ወደ ከላላ በሚወስደው አቅጣጫ በእግር ወጣን። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው ቢለኝም በሱ እግር ነው እንጂ በኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የባቄላው ማሳ ደርሶ ነበር፤ አንዲት ሴት ሳንጠይቃት እሸት በእቅፌ ሞላችልኝ። መንገዱን ሁሉ ፈልፍዬ እየበላሁ ሄድኩ። የልቤን እውነት ልናገር፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። በሐሳቤ የዝርያውን መግለጫ እየጻፍኩ ነበር የምሄደው።

እትዬ ዘህራ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጠላቸውን አስተካክለው ጉንጬን አራቴ ሳሙኝና እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«ይኸው ድንጋይሽ!» አሉኝ።

ድንጋዩ የተኛ በግ የሚያህል፣ ጎንና ጎኑ ክብ የሆነ ትልቅ ድንጋይ ነው። ንጹሕ ነበር። በሙቅ ውኃና በአመድ ታሽቶ፣ በቢላ ተፍቆ፣ በሣር ተወልውሎ ያብረቀርቅ ነበር። ዙሪያውም ተጠርጓል። አንዲት የሽበት ዘለላ እንኳ አልቀረችበትም።

ክው አልኩ።

«ከአዲሳባ ድረስ የተማረ ሰው ሊያየው ሲመጣ ያንን ሁሉ እድፍ ለብሶ ይጠብቅሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «ባለቤቴ በነበረ ጊዜ ይቀመጥበት ነበር እንጂ ከሱ ወዲህ ማን ነክቶት! ወላሂ ወገቤ ተቆረጠ። አማረልሽ?»

ሰይድ «ማሻአላህ፣ እንደ መስታወት!» አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። እንዳይሳቅብኝ ብዬ «ድንጋዩን» አልኩ፤ ድንጋዩ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ቤት ሊጎበኝ እንግዳ ሲመጣ ያልተጠረገ ደጅ የት አለ? «በጣም አማረ፣ እትዬ። ደከሙልኝ» አልኳቸው። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ስንጥቅጥቁን ሁሉ አየሁ። እትዬ ዘህራ ስንጥቁንም በእንጨት ቆርቁረው አጽድተውታል። የያዙት ነገር የማይለቅቁ ሴት ናቸው።

ሰይድ ወደ ከተማ ተመለሰ። እኔ እስኪመሽ የአጥሩን ካብ ድንጋይ በድንጋይ አየሁ። ሌላ ላይከን ሞልቷል፣ የኛ የለችም። ማታ ያስተኙኝ ሰዓዳ ስትመለስ ትገባበታለች ብለው ባሠሩት ክፍል ነው። ቆርቆሮው አዲስ፣ ፍራሹ ላስቲኩ ያልተነሳለት፣ ማንም ተኝቶበት የማያውቅ አልጋ። በተገላበጥኩ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ዘህራ ልጃቸው የላከችላቸውን የድምፅ መልእክት ይሰማሉ፤ «እማ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ትላለች። ያንኑ ሦስት ጊዜ መልሰው ከፈቱት።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ። ገደሉ አፋፍ ያለውን ድንጋይ፣ የመስጊዱን ካብ፣ ወደ ታች ያለውን የወይራ ግንድ ሁሉ አየሁ። ሰዉ ለጁምዐ ሲወጣ ሰላምታ እየሰጠ ያልፈኛል፤ አንድ አዛውንት «አግኚው፣ ልጄ፣ የጠፋብሽን» ብለው ዱዐ አደረጉልኝ። ምን እንደጠፋብኝ አልጠየቁም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጋሽ ታደለ ሞት ያን ቀን ገና የደረሰኝ መሰለኝ። ይህን ላይከን የሚፈልግ በዚህ አገር ከኔ በቀር ሰው አላውቅም፤ እኔ ካላገኘሁት ማንም «ጠፋ» ብሎ እንኳ አያዝንለትም። የሆድ ብሶቴ ከዚህ ነው የመጣው።

ስመለስ እትዬ ዘህራ ምሳ ይዘው እየጠበቁኝ ነበር።

«ዓርብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅቤ አላስነካሁትም። አፈር ስሆን ብይ።»

ምስር ወጥ ነበር። ሁለት ጉርሻ እንደዋጥኩ ፊቴን አይተው ምግቡን ገፋ አደረጉት።

«ድንጋዩን አይተሻል፤ ታዲያ ምንድን ነው ከትናንት ጀምሮ የምትዞሪው? ንገሪኝ፤ እኔም ከቤቴ የራቀች ልጅ አለችኝ፣ የሚፈልግ ሰው ፊት አውቃለሁ።»

የጋሽ ታደለን ፓኬት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወረቀቱን ከፍቼ ጥፍር የምታህለውን ግራጫ ቁራጭ አሳየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይህችን?» አሉኝ። «ድንጋዩ ላይ የነበረችውን?»

ወረቀቱን መልሼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ያረቢ! እኔ ነኛ ያጠፋሁብሽ! ለክብርሽ ብዬ …» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። «ትናንት አማረ አልሽኝ! እንዲህ ሆነሽ አማረ አልሽኝ!»

«አምሯል እኮ፣ እትዬ።»

ድንገት ብድግ አሉ። ጓዳ ገቡ፤ ዕቃ ሲወድቅ ተሰማኝ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘው ወጡና ክዳኑን ከፍተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጡ እስከ ግማሹ በደረቀ ግራጫ ፍርፋሪ የተሞላ ነበር።

«እናቴ ለቃጠሎ ታደርገው ነበር፤ ደቁሳ፣ ከማር ለውሳ። የድንጋይ ሽበት አይጣልም ትላለች። እኔም ስፍቅ ልጥለው እጄ እምቢ አለኝ። ጥላ ላይ አደረቅሁት፣ ወላሂ ፀሐይ አላስነካሁትም። ይሆንሻል?»

አጉሊ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ፍርፋሪውን በጣቴ ገለጥኩ። አንዱ ቁራጭ ላይ ከጤፍ የምታንስ፣ አፏ ቡናማ የሆነ ጽዋ አየሁ። ቀጥሎም ሌላ። ጋሽ ታደለ አንዲት ያላገኙትን እኔ ከወተት ቆርቆሮ ውስጥ አሥራ አራት ቆጠርኩ። እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር፤ እትዬ ዘህራም እንዲሁ።

«ለመሆኑ የት የት አለ ይሄ ነገር?» አሉኝ ቆይተው፣ ምስሩን መልሰው እያቀረቡልኝ።

«እኔ እንደማስበው የትም የለም። እርስዎ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው የነበረው።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

እጃቸውን አገላብጠው አዩና ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ስንቅ ብለው በሶና ዳቦ ቋጠሩልኝ። ድንጋዩ ጋ ስናልፍ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። መመለሻው ላይ የምጽፈው ብዙ የለም፤ የተሳፈርኩበት አይሱዙ እስከ አቀስታ በሰላም አደረሰኝ፣ ደሴ ላይ ጉንፋን ያዘኝ፣ ቆርቆሮውን ግን ከጉያዬ አላወጣሁም። ፍተሻው ላይ ያው ወጣት ነበር። «ወርቁ ተገኘ?» አለኝ። ከፍቼ አሳየሁት። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና «አይ፣ ያንቺ ነገር!» ብሎ አሳለፈኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ ከጽዋዎቹ አንዱን በምላጭ ሰነጠቅሁ፤ ጠብታ ውኃ አድርጌ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ዘሮቹ ስምንት ስምንት ሆነው በየከረጢታቸው ተቀምጠዋል፤ ቡናማ፣ ወገባቸው ሰርጎድ ያለ። በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ ጓዳ ነበራቸው።

ሌላ ጽዋ ሰነጠቅሁ። ጓዳ አለው። ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ አለው። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ጽዋ ጨረስኩ፤ የደሴቱን ዝርያ መግለጫ ፊቴ ዘርግቼ መስመር በመስመር አመሳከርኩት። ከሞቃቷ ደሴት የተጻፈው ቃል ሁሉ በእትዬ ዘህራ ድንጋይ ላይ ተፈጽሟል። ሊቁ ልክ ነበር። አዲስ ዝርያ የለም፣ የጋሽ ታደለም ስም የሚያርፍበት የለም። ወንበራቸውን እያየሁ «ይቅርታ፣ ጋሼ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማኝ አልነበረም።

ቢሆንም ናሙናው መመዝገብ ነበረበት፤ ከደሴቷ ውጭ መገኘቱም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ካርዱን መሙላት ጀመርኩ። ቦታ፣ ከፍታ፣ የተገኘበት ድንጋይ። «የተሰበሰበበት ቀን» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አላውቀውም። ደወልኩ።

«ማክሰኞ ነበር፣ ከዝሁር ሶላት በኋላ» አሉኝ እትዬ ዘህራ። «ታዲያ ምን ወጣለት? ስሙን ማን አላችሁት?»

«አዲስ አይደለም፣ እትዬ። ድሮም ስም ነበረው። ባሕር ተሻግሮ አንድ ደሴት ላይ ያለው ራሱ ነው።»

 

«ሌላም አለ በይኛ!» አሉ። «አልሐምዱሊላህ! ብቻውን ነው ካልሽኝ ወዲህ እኮ በዚያ ድንጋይ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ስረግም ነበር። ባሕር ማዶ ወገን አለው! አልሐምዱሊላህ!»

እኔ ግን ለመምህሬ ቃል ገብቼ እንደነበር ነገርኳቸው።

«አብሽሪ፣ ልጄ። መምህርሽ ለእውነቱ እንጂ ለውዳሴው አልላኩሽም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ድንጋዩ መልሶ የሚሸብተው መቼ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ቢፈጅበት ነው።»

«ኧረ በነቢ! እሱን ልትጠብቂ ነው? ለኢድ ነይ። አልጋው እንደሆነ ባዶውን ነው።»

እመጣለሁ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ካርዱን ጨረስኩ። አንድ መስመር ቀርቶ ነበር፤ «ሰብሳቢ» የሚለው። «እትዬ ዘህራ» ብዬ ጻፍኩ። በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ እትዬ አይጻፍም፤ እኔ ግን ጻፍኩት።